የስለሺ ወገብ

ነገሩ የጀመረው ከወገብ ነው። የስለሺን ወገብ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚስቱ ከሙሉእመቤት በስተቀር የለካው ሰው አልነበረም። ሙሉእመቤት ዊንጌት አካባቢ ስፌት ቤት አላት፤ ሜትሯ ካንገቷ አይወርድም። ዩኒፎርም ሊያሰፋ የመጣ ተማሪ ገና በሩ ላይ ሲቆም በዓይኗ ለክታ ቁጥሩን ትናገራለች። የባሏን ወገብ ግን በዓይን ገምታው አታውቅም። እሱን የምትለካው ሜትሩን በጀርባው አዙራ፣ ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደግፋ ነው። ሲጋቡ ሰባ ስምንት ነበር። ልጃቸው ሲወለድ ዘጠና ሁለት ገባ። ልጁ አድጎ ለትምህርት ሐዋሳ ሲሄድ መቶ አራት፣ ዘንድሮ ደግሞ መቶ ዘጠኝ።

በዚህ አታፍርም፤ እንዲያውም ትኮራለች። በኛ ሰፈር የባል ቦርጭ የሚስት የምስክር ወረቀት ነው። የስለሺ ጎሚስታ ቤት ከስፌት ቤቷ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሸሚዙ ሆዱ ላይ ተወጥሮ በሩ ላይ ሲቆም ያየው ሁሉ «ስሌ፣ ተመችቶሃል! ሙሉዬ ይዛሃለች!» ይለዋል። እሷም የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ይህን ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

ታዲያ ጥቅምት ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ስለሺ ራስ ምታት አልለቀው ብሎ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲመለስ፣ ገና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ሲስተር ኢየሩ ወገቤን ለካችኝ።»

ሙሉእመቤት የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች።

«ምንህን?»

«ወገቤን። በሜትር፣ እንዲህ አዙራ። መቶ ዘጠኝ አለች።»

«እኔን ብትጠይቀኝ እነግራት አልነበር? ምነው፣ ሱሪ ልትሰፋልህ ነው?»

«ኧረ ለበሽታው ነው! ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላል አለችኝ። ሜታ ብላ ስትጀምር ቢራውን ያወቀችብኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።» ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ ቁጭ አለ። «ግፊቴ መቶ ስድሳ በመቶ ነው ሙሉዬ። ስኳሬም ከፍ ብሏል፣ የደሜም ስብ እንደዚያው። ቦርጩ ከነዚህ ጋር ተያይዞ ሲመጣ ነው አሉ ስሙ እንዲያ የሚባለው።»

ስለሺ ምንም ነገር በጎማ ካልሆነ አያስረዳም። ጤነኛ ሰውነት የራሱን ልክ ያውቃል አለ፤ ሲበዛ ያስተነፍሳል፣ ሲያንስ ይሞላል። የሱ ግን ልኩን ረስቷል። ኩላሊቱ ጨው አልለቅም ብሏል፤ ጨው ደግሞ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ደም ሥሮቹም እንዳረጀ ጎማ መለጠጥ ትተዋል። ንፋሱ ይሞላል፣ የሚያስተነፍስ የለም። እንዲህ ከቀጠለ አንድ ቀን አንጎሉ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ሁሉ ሲናገር በየመሀሉ «ሲስተር ኢየሩ እንዳለችው» ይል ነበር። ሙሉእመቤት ቆጠረች። ዘጠኝ ጊዜ አለ።

ደነገጠች? አዎ፣ ደንግጣለች። ባሏን ትወዳለች። ነገር ግን ድንጋጤው ሳይበርድ ሌላ ነገር ቀድሞ ሆዷ ውስጥ ገባ፤ እሱም እንደ መርፌ ስብራት ነው፣ የት እንደተሰካ ሳይታወቅ በተቀመጡ ቁጥር ይወጋል።

በማግሥቱ ጨው የሌለው ምስር ወጥ ሠራችለት። ቀምሳ አፈረች። የእሷን በጨው፣ የእሱን ያለ ጨው ማዘጋጀት ስላለባት የሱን በትንሽ ሳህን ለብቻው አቀረበችለት። ስለሺ በላ፣ ጣቱን ላሰና «ይጣፍጣል!» አለ።

ልብ አድርጉ፤ ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዶሮዋን፣ ክትፎዋን፣ የጾም በየዓይነቷን በልቶ «ተመስገን» ብሎ ከመነሣት በቀር አንድ ቀን «ይጣፍጣል» ብሏት አያውቅም። ዛሬ ሲስተር ኢየሩ ያዘዘችውን፣ ድመት እንኳ የማይቀምሰውን ሲበላ ጣፈጠው።

እንጦጦ ማርያምም መጣች። ሙሉእመቤት ለዓመታት «ወር በገባ በሃያ አንድ እንኳ አብረን እንሳለም» ብላ ለምናዋለች። ጉልበቴ፣ ሥራዬ፣ ዳገቱ ሲላት ኖሯል። ሲስተር ኢየሩ «በሳምንት አራት ቀን ዳገት ይውጡ» ባለችው በሦስተኛው ቀን፣ ጧት በታክሲ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ሽቅብ በእግሩ ወጣ። ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ፊቱ እየበራ ተመለሰ። «ማርያምን ተሳልሜልሻለሁ» አላት። ለሚስቱ ያልወጣው ዳገት ለነርስ ተወጣ።

ከዚያማ ቃሉ ሁሉ አቆሰላት። «ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ» ይላታል። ቀጠሮ! ሸሚዝ ተኩሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ የሚኬድበት ቀጠሮ። «ክትትል ላይ ነኝ» ይላታል። እሷም ክትትል ጀመረች። የስፌት መኪናዋን ፊቷ ወደ ጎሚስታ ቤቱ እንዲሆን አዞረቻት። ማን እንደመጣ፣ ስልክ ሲያወራ እንደሳቀ፣ ምሳ የት እንደበላ ታያለች። ጤና ጣቢያው በእሱ ላይ ከያዘው መዝገብ የእሷ ሳይበልጥ አይቀርም። የተገኘ ነገር ግን የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው፤ ሙሉእመቤት ግን ኩበቱ ስላልተገኘ ላሟ ተደብቃለች አለች እንጂ የለችም አላለችም።

ከጎኗ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ዓለምነሽ ደግሞ አለች፤ በሰው ትዳር እሳት የምትሞቅ።

«ወንድ ልጅ በሃምሳ ዓመቱ ከከሳ ወይ ታሟል ወይ ወዷል» አለቻት አንድ ቀን፣ ስለሺ ማዶ ጎማ ሲያነሣ እያየች።

«ታሟል እኮ ዓለምዬ።»

«ታሞስ እንዲህ ይስቃል?»

በኅዳር መጨረሻ ስለሺ ሦስት ሱሪ ተሸክሞ መጣ። «እየወለቀ አስቸገረኝ፣ አጥብቢልኝ» አላት፤ እንደ ሠርግ ጥሪ ደስ እያለው። አምስት ሴንቲ። ሙሉእመቤት ሰፊ ናትና የሰፋችውን ማጥበብ ሥራዋ ነው፤ ነገር ግን ያን ቀን ስፌቱን ስትፈታ በየዓመቱ ያሰፋቻቸው መስመሮች አንድ በአንድ ወጡ። እሷ ያሳደገችውን ወገብ ሌላ ሴት እያሳነሰችው ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ መርፌው ሁለት ጊዜ ወጋት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስፌት ቤቱን ዘግታ ተከተለችው።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከበሽተኞቹ መሀል ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሲስተር ኢየሩን ያኔ ነው ያየቻት፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ሃያ ሰባት ቢሆናት ነው። ስለሺ ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ሁለት እጁን እንደ ሕፃን ዘርግቶ ቆሟል። ልጅቷ ሜትሩን አዞረችበት። ሙሉእመቤት በቅናቷ ላይ የሙያ ንዴት ተጨመረባት፤ ወገብ እዚያ ላይ አይለካም! ከጎድን አጥንቱ ዝቅ ብሎ፣ ቀበቶው ከሚታሰርበት በላይ፣ ማንም ሰፊ በማይለካበት ቦታ ነው የያዘችው።

«ጋሼ፣ ሆድዎን አይሳቡብኝ! ይልቀቁት!» አለች ልጅቷ።

ስለሺ ሆዱን ለቀቀው። ሁለቱም ሳቁ።

ሙሉእመቤት ከዚያ በላይ አላየችም። እንዴት ቤት እንደደረሰችም አታስታውሰውም። ሃያ ሁለት ዓመት ስለካው ሆዱን ስቦልኝ ያውቃል? አያውቅም። ለእኔ እንዳለ ነው፤ ለእሷ ግን አማረባት፤ ለእሷ ቀጥ አለላት። ይህን እያለች ነው ድስቱን የጣደችው፣ ይህን እያለች ነው የጨው ጣሳውን የከፈተችው።

መጀመሪያ ለፈተና ነበር፣ ወይም ለራሷ እንደዚያ አለች። ትንሽ ጨምሬ ልየው፣ ምላሱ የማን እንደሆነ ልወቅ። ግን እጇ በትንሽ አልቆመም። ሽሮ ወጡ ላይ የዱሮውን ያህል፣ ከዱሮውም አንድ ማንኪያ አብልጣ ነሰነሰችበት። ከዚያ እስካሁን ያላደረገችውን አደረገች። ሳህኑ ከተለየ ወዲህ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ እሱ ሳሎን፣ እሷ ኩሽና፣ እያኮረፈች ነበር የምትበላው። ያን ቀን ግን ለሁለቱም በአንድ ትሪ አቀረበች፣ ፊት ለፊቱም ተቀመጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔም ያንተን ነው የምበላው» አለችው። «ጨው ትቻለሁ። ብቻህን አትሰቃይ።»

ስለሺ ብዙ ጊዜ አያት። የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሰችው። አላመጠ፣ ቆም አለ፣ ዋጠ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ በቀስታ፣ እሷንም አጎረሳት።

ሙሉእመቤት አሸነፍኩ አለች። አንድም ቃል አልተናገረም! እንደውም ትሪውን ጠርጎ ነው የተነሣው። የሲስተር ኢየሩ ትእዛዝ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይቅር፤ እዚህ ቤት ገበታው የእሷ ነው። በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ቀን በጨመረ ቁጥር ጨውም ጨመረ። ተጫዋችም ሆነች። የደንበኛ ወሬ ታወራዋለች፣ ስለ ልጃቸው ያነሣሉ፣ ይሳሳቃሉ። ትዳራቸው ከጫጉላው ወዲህ እንዲህ ደምቆ አያውቅም።

አታውቅም ነበር እንዳይባል ታውቃለች። ስለሺ የነገራት ሁሉ ጆሮዋ ላይ ነው። ግን ሰው ክፉ ሊሠራ ሲል ሰበብ አያጣም። አባቶቻችን አሞሌ እየላሱ ሰማንያ ዓመት ኖረው የለ! ጨው ሰው ሲገድል ማን አየ! ኪኒኑን ይውጥ የለ!

ታኅሣሥ ላይ ግፊቱ ወጣ። መጀመሪያ ወደ መቶ አርባ አምስት ወርዶ የነበረው መቶ ሃምሳ ስምንት ሆነ። በሚቀጥለው ቀጠሮ መቶ ሰባ። ሲስተር ኢየሩ ግራ ገባት፤ ወገቡ ይቀንሳል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። ሁለተኛ ኪኒን ጨመረችለት። ስለሺ አኩርፎ ወደ ቤት መጣ።

«ዛሬ ተቆጣችኝ» አለ። «'ጋሼ፣ እየደበቁኝ ነው' አለችኝ።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሙሉእመቤት ይህን ስትሰማ ደስ አላት። የባሏ ደም ሥር እየተወጠረ፣ እሷ ልጅቷ ስለተቆጣችው ደስ አላት። «ተዋት፣ ምን ታውቃለች እሷ! ገና ልጅ ናት» ብላ አጎረሰችው። እሱም ጎረሰ።

ጥር በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ጧት አንድ ላዳ ስፌት ቤቷ በር ላይ ቆመ። ሁለት የማታውቃቸው ነጠላ የለበሱ ሰዎች ስለሺን ግራና ቀኝ ይዘው አወረዱት። ዳገቱ ወገብ ላይ አዙሮት መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘነው አሏት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዓይኑ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል ይላል። ሙሉእመቤት እጁን ያዘችው። ቀዝቅዞ ነበር። ያኔ ነው ቅናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቅ አድርጓት ፍርሃት የገባባት።

ያን ቀን ምሳ ስትሠራ የጨው ጣሳውን ይዛ ቆማ ቀረች። ጨርሳ ብትተወው ጣዕሙ ይለያል፣ እስካሁን የበላው ምን እንደነበር ያውቃል። ብትጨምረው ደግሞ አሁን ያየችው አለ። የማጀት ውሸት ከገቡበት በኋላ መውጫው እንዲህ ይጠባል። ግማሹን ጨመረች። አዎ፣ ያን አይታ እንኳ ግማሹን ጨመረች።

ሰኞ ሲስተር ኢየሩ የቅዳሜውን ሰምታ ደወለች። ነገ ከቤተሰብ ጋር ይምጡ አለችው።

ማክሰኞ ሁለቱ አብረው ሄዱ። ልጅቷ ተነሥታ ተቀበለቻቸው።

«ማዘር፣ ይቀመጡ» አለቻት።

ማዘር! እሱ ጋሼ፣ እሷ ማዘር። ሙሉእመቤት ይህን እንኳ ልብ ሳትል አላለፈችውም፤ የልጅቷን ጣት፣ ጥፍር፣ ጸጉር አንድ በአንድ አየች። ልጅቷ ግን የእሷን ዓይን ልብ አላለችም። የግፊት መለኪያውን የስለሺ ክንድ ላይ አሰረች፣ ለካች፣ ፊቷ ጠቆረ። ቆይታ ደግማ ለካች።

«መቶ ሰማንያ ስድስት በመቶ አሥራ ሁለት» አለች። ካርዱን ገልብጣ ለሙሉእመቤት አሳየቻት። «ማዘር፣ እርስዎ ይፍረዱን። ይዩት፣ ወገባቸው ስምንት ሴንቲ ቀንሷል። ስኳራቸው ወርዷል። ግፊቱም አብሮ መውረድ ነበረበት። ይሄ የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን እንዳይሰማ ያደርጋል። ያን ጊዜ ቆሽት ይሰማ እንደሆን ብሎ አብዝቶ ያመነጫል። ጡንቻው አይሰማም፤ ኩላሊት ግን ይሰማል። ጨው አጥብቀህ ያዝ የተባለ ይመስል ይይዛል። ነርቩ ደግሞ ቀን ከሌት እንደተቆጣ ሰው ሆኖ ልብን ያስሮጣል፣ ደም ሥርን ያጠባል። ሌላው ሰው በልቶ የሚያስወግደው ጨው ለእሳቸው የማይወጣ ጭነት ነው። አሁን ሁለት ነገር ነው የማስበው። ወይ የሆነ ቦታ ጨው እየበሉ ነው፣ ወይ ደግሞ ኩላሊታቸው ተጎድቷል። አልበላሁም ካሉ ዛሬውኑ ሆስፒታል እጽፍላቸዋለሁ፣ መድኃኒቱንም ወደ ሦስት አወጣዋለሁ። ጋሼ፣ በእመቤቴ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ስለሺ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ ጉልበቱን አየ።

«አጥፍቻለሁ ሲስተር» አለ። «ሥጋ ቤት እየሄድኩ ነበር።»

«ጋሼ!»

«ጥብስ... ከጓደኞቼ ጋር። ያው ጨው ይበዛበታል። ይቅር በዪኝ።»

«ሦስት ወር ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያዩ? እኔ እኮ ለእርስዎ ስል ስንት ሰው ጠየቅኩ!» ልጅቷ ካርዱን ወደ ራሷ ስባ መጻፍ ጀመረች። ስለሺ እንደተገሠጸ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ።

ሙሉእመቤት ባሏን አፍጥጣ አየችው። ሥጋ ቤት አልሄደም። ከእሷ የበለጠ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ክትትል ላይ ነበረች። ከዳገቱና ከቀጠሮው በቀር ከጎሚስታ ቤቱ በር ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ ምሳም ቁርስም ከእሷ ትሪ ነው። ታዲያ ለምን... ነገሩ ያኔ ገባት። ያውቃል። የጨውን ነገር ያውቃል፤ ዝም ብሎም በላ። አሁን ደግሞ እዚህ፣ በዚህች ልጅ ፊት፣ ውሸታም ተብሎ ሊቀር ነው።

ዝም ብትል ምን ትሆናለች? ምንም። ልጅቷ «ማዘር፣ ይጠብቁልኝ» ብላ ትሸኛታለች። ነገ ጨዉን በጸጥታ ታቆማለች። ማንም ሳያውቅ ያልፋል። በዚያ ላይ ከሰው ሁሉ መርጦ በዚህች ልጅ ፊት መዋረድ!

«ውሸቱን ነው» አለች።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ማን፣ ማዘር?»

«እሱ። ሥጋ ቤት አልሄደም። ጨው ያበላሁት እኔ ነኝ።»

«ሙሉ፣ ተዪ» አለ ስለሺ።

ሲስተር ኢየሩ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች። «ያው ሳያውቁ ነው የሚሆነው» አለች ለዘብ ብላ። «በርበሬው ውስጥ ጨው ይኖራል፣ ሽሮው ውስጥም ይኖራል። ብዙ ሰው ይሳሳታል።»

ልጅቷ የማምለጫውን በር ወለል አድርጋ ከፍታላት ነበር። ሙሉእመቤት የተዘረጋላትን ቸርነት አየች፤ እሱም አቃጠላት፣ ከዚህችም ልጅ ቸርነት!

«አውቄ ነው» አለች። «ከጣሳ እየዘገንኩ።»

«ለአንድ ድስት ምን ያህል?»

«ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ሲብስብኝ ሦስት።»

ልጅቷ ምን ሲብስብዎት ብላ አልጠየቀችም። ሙሉእመቤትን ትክ ብላ አየቻት፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች። አልተቆጣችም። ኪኒን አልጨምርም አለች። የኩላሊቱን ምርመራ ግን ዛሬ ይሰጣሉ፣ ጨው ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ይቆማል፣ በሳምንቱ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። ወደ ስለሺ ዞራ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያለ ጥፋትዎ ተቆጣሁዎት» አለችው። ስለሺ «ኧረ ምንም አይደል» አለ፤ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ።

ምርመራውን ሰጥተው ወጡ። ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጋ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት እየወጡ መንገዱን ሞልተውት ነበር። ከመሀላቸው ሁለት ሦስቱ እሷ የሰፋችውን ለብሰዋል፤ «እትዬ ሙሉ!» አሏት፤ አልመለሰችም። ስለሺ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

«ለምን ነገርሻት?» አላት። የእውነት ተቆጥቷል። «እኔ ጨርሼው አልነበር?»

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ከመጀመሪያው ጉርሻ። ምላስ አለኝ እኮ።»

«ታዲያ ለምን በላህ? ይገድልሃል ተብለህ፣ አንተው እየነገርከኝ፣ እያወቅክ ለምን በላህ?»

ታክሲ መጣ፣ ረዳቱ ጮኸ፣ ሄደ።

«ማዕዳችንን ስትለይው ጊዜ...» አለ። «ሙሉዬ፣ እኔ ብቻዬን መብላት አልችልም። ሳሎን ተቀምጬ ከኩሽና የእንጀራሽን ድምፅ እሰማለሁ። አኩርፈሻል፣ ለምን እንዳኮረፍሽ አላውቅም። ብጠይቅሽ ምንም ትያለሽ። ከዚያ አንድ ቀን ትሪውን ይዘሽ መጣሽ። አብረሽኝ ተቀመጥሽ። አወራሽኝ። ጨው መሆኑን አወቅኩ፤ ብናገር ተነሥተሽ ወደ ኩሽና ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ። በቃ። ዛሬ ትተወዋለች፣ ነገ ትተወዋለች እያልኩ በላሁ።»

ሙሉእመቤት አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው? አዞረሽ?» አለ ስለሺ ጎንበስ ብሎ፤ ያ ሁሉ ግፊት ያለበት እሱ።

«ቀናሁ» አለች። ቃሉ በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ወጣ። «በዚያች ልጅ ቀናሁ፣ ስሌ።»

«በማን?»

«በሲስተሯ።»

ስለሺ አፉን ከፍቶ አያት። «በሲስተር ኢየሩ? በዚያች ሕፃን?» ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ አጥሩን ይዞ፣ የጠበበለት ሱሪ ውስጥ የቀረችው ቦርጩ እየተንቀጠቀጠች፣ ተማሪዎቹ ዞረው እስኪያዩት ሳቀ። «ኧረ በወላዲቷ! እኔን? ማን ይፈልገኛል ብለሽ ነው አንቺ ሴት?»

ሙሉእመቤት አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችው።

«ቅዳሜ ዳገቱ ላይ ብትቀርብኝ ኖሮ» አለች፣ «ድንኳን ተጥሎ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ደረቴን እየደቃሁ ምን እል እንደነበር ታውቃለህ? ነርሷ ገደለችብኝ እል ነበር። ሰውም ያምነኝ ነበር። እኔም አምነው ነበር።»

ስለሺ መሳቁን ተወ።